የአባቴ ግራ እጅ

ቲያትር እንዴት ጀመርሽ ብለው ሲጠይቁኝ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍቅሩ ነበረኝ» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ፍቅር የሚባል ነገር አልነበረበትም። ቲያትር የጀመርኩት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት እንዲሳቅበት ስለፈለግሁ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰውየው ናዝሬት ውስጥ የምንኖርበት ቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር። በደርግ ጊዜ ፊቱ ስንቆም «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ» እንለው ነበር። ዛሬ ወረቀቱም እስክሪብቶውም የራሴ ነውና «እሱ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ክብር ከእኔ የሚፈልግ ከሆነ መጥቶ ይጠይቀኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው በላይ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ አንዲት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይሠራል። በወጣትነቱ ከጋሪ ወድቆ ግራ ትከሻው ተሰብሮ ስለነበር፣ ወጌሻ ቢጠግነውም እጁ ከጆሮው አልፎ አይወጣም። ጨርቅ ለመግፋት፣ መቀስ ለመያዝ ግን ምንም አይለውም። ደንበኞቹ ሲጠይቁት «ለስፌት እጅ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ላይ ምን ያደርጋል» እያለ ይስቅ ነበር።

ወደ ላይ የሚፈለግበት ዘመን መጣ። በየእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ሁሉም ብድግ ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ መፈክር ያሰማል። አባቴ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ከረጃጅም ሰዎች ጀርባ ይቆማል። እዚያ ሆኖ እጁ የት ድረስ እንደወጣ የሚያይበት የለም።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት በዝቶበት ሦስት እሑድ በተከታታይ ቀረ። በአራተኛው ሊቀ መንበሩ ስሙን ጠርቶ መድረክ ላይ አወጣውና «ግለ ሂስ አድርግ» አለው። አባቴ መናገር አይወድም። «አጥፍቻለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔ ዛሬ ምናልባት የባንክ ሠራተኛ ነበርኩ። ሊቀ መንበሩ ግን «እንግዲያው የመዝጊያውን መፈክር አንተ ምራ» አለው። አባቴ ደነገጠና የሚታዘዝለትን እጅ አነሳ፤ ቀኙን።

«ጓድ! ቀኝህን ነው እኮ ያወጣኸው!» አለ ሊቀ መንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ለካ ቀኝ መንገደኛ ኖረሃል!»

አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር ሲቀልድ አለመሳቅም እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሳቁትን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። አባቴ ቀስ ብሎ «ግራው አይወጣልኝም ጓድ» አለ። ሊቀ መንበሩ «አብዮቱ ያወጣዋል!» ብሎ የግራ እጅጌውን ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። እጁ ጆሮው ጋ ደረሰና ወደቀ። ደግሞ ጎተተው፤ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው አባቴ በገዛ እጁ የሰፋው ኮት ብብቱ ላይ ተተረተረና ሸሚዙ ታየ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፈገግ አለ። ከተማሪዎቹ ረድፍ ቆሜ ያን ፈገግታ አየሁት።

ቤት ስንገባ ኮቱን አውልቆ ቁጭ አለና ብብቱን ሰፋው። እኔ ስንጨረጨር ቀና ብሎ አየኝና «ሆድ ይፍጀው ልጄ፤ ቀን ያልፋል» አለኝ። የእሱ ሆድ ይፍጀው፤ የእኔ ግን እንደዚያ ዓይነት ሆድ አይደለም። ሊቀ መንበሩን ልገድለው ፈለግሁ። መግደል ደግሞ በዚያን ጊዜ የራሱ ተመዳቢዎች ነበሩት፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ብዙ ሳምንት ካሰብኩ በኋላ አንድ ነገር ላይ ረጋሁ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መድረክ፣ እነዚያው ሰዎች በእሱ ይስቁበታል፤ አባቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚህ ያነሰ አልፈልግም፤ ከዚህ የበለጠም አልፈልግም ነበር።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ስለ ጸሎቱ አላውቅም፤ ቂም ይዞ ኪነት ግን በደንብ ይቻላል።

ቀበሌው እንደ ሁሉም ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ መዝሙር፣ ውዝዋዜ፣ አጫጭር ድራማ። በዚያ ዓመት ቡልጋሪያ ተምረው የመጡ አንድ መምህር ወደ ትምህርት ቤታችን ተመደቡና ቡድኑንም እንዲያሠለጥኑ ታዘዙ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሰብስበውን እዚያ አገር የተማሩት ያለ ቃል የሚሠራ ኮሜዲ መሆኑን ነገሩን፤ ፊት በጭምብል ይሸፈናል፣ አፍ አይናገርም፣ የሚያስቀው አካል ብቻ ነው። ዘፋኞቹ ተያዩና አፋቸውን አጣመሙ። እኔ ግን ልቤ ዘለለች። ፊቴ አይታይም፤ አንድም ቃል አይወጣኝም። ያልተናገረችውን ሴት ልጅ በምን ይከሷታል?

ጭምብሉን የምንሠራው ራሳችን ነበርን። ከአዋሽ ዳር ባመጣነው ጭቃ ፊት እንቀርጻለን፤ ሲደርቅ በላዩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየነከርን ስምንት ዘጠኝ ድርብ እንለጥፋለን፤ ከዚያ ጭቃውን ፈልፍለን እናወጣና የጫማ ቀለም እንቀባዋለን። አንድ ቀን ጋሼ በድንገት «ቁሙ!» ብለው ጮኹ፤ ሲጮኹ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ለካ አንዷ ልጅ ልትቀደው የያዘችው የጋዜጣ ገጽ ላይ የአገሪቱ መሪ ፎቶ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ጋዜጣ ከመቅደዳችን በፊት ሁለት ሰው አገላብጦ ያየው ነበር፤ ፎቶ ያለበትን ገጽ ጋሼ በክብር አጥፈው ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ሳጥኑ ሞልቶ ሌላ ሳጥን ፈለግን።

ጭምብሉን ስለብሰው መጀመሪያ ያደረግሁት መሳቅ ነው፤ ከዚያ ማኩረፍ፣ ከዚያ መቆጣት። ጋሼ አዩኝና «ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ። «እየተቆጣሁ ነዋ ጋሼ!» አልኳቸው። «ከውስጥ ሆነሽ ነው? እኛ እኮ ቆመሽ ነው የምናይሽ» አሉኝ። ሁሉም ሳቁብኝ፤ ተናደድኩ፤ ንዴቴም አልታያቸውም። ፊቴ ለካ ለምንም አይረባም። ቀስ በቀስ በጉልበት መናደድ፣ በክርን መፍራት፣ በተረከዝ መኩራት ተማርኩ። የጭምብል ዓይን አዝራር የምታህል ቀዳዳ ስለሆነች ሰው ለማየት መላ ጭንቅላትን ማዞር ያስፈልጋል። ጭድ በሞላ ማዳበሪያ ላይ መውደቅ ተማርን፤ ቀጥሎ በምንጣፍ ላይ፤ ቀጥሎ በባዶ ሲሚንቶ ላይ። በናዝሬት ሙቀት ላባችን ሙጫውን እያቀለጠው አገጫችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጋሼ ደጋግመው የሚሉን አንድ ሕግ ነበራቸው። አንድን ቀልድ ሦስት ጊዜ ሥሩት፣ አራተኛው ስግብግብነት ነው ይሉ ነበር።

ከልምምዱ ውጪ የራሴ ትምህርት ነበረኝ። ሊቀ መንበሩን አጠናሁት። ከቀበሌ ሲወጣ ከኋላው እወጣለሁ፤ ገበያ ሲገባ እገባለሁ፤ ሲቆም ጫማዬን አስራለሁ። በተረከዙ ነው የሚራመደው፤ መዞር ሲፈልግ መጀመሪያ ሆዱ ይዞራል፣ ጭንቅላቱ በኋላ ይደርሳል። ሱሪውን የሚያነሳው በእጁ ሳይሆን በሁለት ክርኖቹ ነው። መሀረቡን በአራት አጥፎ ማጅራቱን ይጠርግና የተላከለት ደብዳቤ ይመስል መሀረቡን ያነበዋል። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በእጁ ይዳብሰዋል። ሰው የሚወደውን እንደዚህ አጥንቶ አያውቅም። ሚስቱ እሱን በጨለማ ለዪው ብትባል የምትሳሳተው እሷ ናት፤ እኔ አልሳሳትም።

ለግምገማ የሚቀርብ ጽሑፍ አምጡ ተባልን። ቃል የሌለው ቲያትር ምን ጽሑፍ ይኖረዋል? ጋሼ በግማሽ ገጽ «አንድ ቢሮክራት ሰፊውን ሕዝብ ሲያጉላላ ያሳያል» ብለው ጻፉ። ቢሮክራትን መምታት የተፈቀደ ነበርና ማኅተም ተመታበት። ቢሮክራቱን እኔ ልጫወት አልኩ፤ ጋሼ ቁመቴን አይተው ፈቀዱ። ጉዳዩን ሊያስፈጽም የሚመጣውን ድሃ ባለጉዳይ ደግሞ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያዘ፤ ረጅም፣ አጥንት የሌለው የሚመስል፣ ከወንበር ሲወድቅ የሚያስደነግጥ ልጅ ነበር።

የመሀሉን ትዕይንት እኔ አመጣሁት። ባለጉዳዩ ወረቀቱ እንዲፈረምለት እጁን ማንሳት አለበት፤ እጁ አልነሳ ይላል፤ ቢሮክራቱ ይጎትተዋል፤ ይወድቃል። ሊቀ መንበሩ የሠራው ይህን ስለሆነ ይህን ሲሠራ መታየት አለበት አልኩ በልቤ። ጓደኛዬ እጁን እንዲሁ እንደ ጨርቅ ሲጥለው «እንደዚያ አይደለም» አልኩት። ትከሻው እንዴት እንደሚቀድም፣ አንገት ወዴት እንደሚያዘነብል፣ እጁ ጆሮ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ እንዴት እንደሚከፈቱ አሳየሁት። እሱም ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «አባትሽን ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ሥራ» አልኩት። «የሚሳቀው በሌላው ነው።»

ጋሼም ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ አሠርተው አዩት። በኋላ ለብቻዬ ጠርተው «ይህን እጅ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ከራሴ አልኳቸው። «ሰው በሚጎትተው አይስቅም፤ በሚጎተተው ነው የሚስቀው። ይህን አስበሽበታል?» አሉኝ። «እኔ በሚጎትተው አስቃቸዋለሁ ጋሼ» አልኩ። እንደዚያ ነበርኩ። ጥላቻዬ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። አባቴ እንዲህ ያለ ቦታ አይሄድም፤ ለመንኩት። «ለአንተ ብዬ ነው አባዬ፤ አንድ የምታየው ነገር አለ» አልኩት። ያንኑ ኮት ለብሶ መጣና በሩ አጠገብ፣ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊት፣ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ።

ወጣሁ። በተረከዜ ሄድኩ፣ ሆዴን አዞርኩ፣ ጭንቅላቴን አስከተልኩ፤ በክርኖቼ ሱሪዬን ከፍ አደረግሁ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሁሉም አውቆታል! ዝምታው ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ መቶ ዓይን ወደ ፊተኛው ወንበር እየሰረቀ ያያል፤ ማንም ቀድሞ መሳቅ አልደፈረም። መሀረቤን አውጥቼ ማጅራቴን ጠረግሁና አነበብኩት። ያኔ ከፊተኛው ወንበር አንድ ትልቅ ሳቅ ፈነዳ። ሊቀ መንበሩ ነው። ጎረቤቱን በክርኑ እየጎሸመ «ያ የታችኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር! ቁርጥ እሱን! እኔ ስል ኖሬ የለ!» ይላል። የራሱን ጀርባ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

እሱ ከሳቀ የሚከለክል የለም፤ አዳራሹ ተለቀቀ። ባለጉዳዩ ገብቶ እጁ አልነሳ ሲል ደግሞ ጣራው የሚነሳ መሰለኝ። ጎተትኩ፤ ወደቀ፤ ሳቁ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ሦስተኛው ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ግን ያ ሁሉ ሳቅ በእሱ ላይ የሚወርድ መስሎኝ ሰከርኩ። አራተኛ ጎተትኩት፣ አምስተኛ፤ በእግሬ ወንበሩን ረግጬ፣ በሁለት እጄ፣ በትከሻዬ ደግፌ። ጓደኛዬ ከጭምብሉ ሥር «ይበቃል፣ ይበቃል» ይላል። አንድ ጊዜ ጭንቅላቴን ሳዞር በዚያች ቀዳዳ የኋላው አግዳሚ ታየኝ። የፊተኞቹ ረድፎች ዞረው በሩን እያዩ ይስቃሉ። አባቴ ፈገግ ብሏል። እኔም ደስ ብሎታል አልኩ።

ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ጭምብሌን በገዛ እጁ አነሳው። ከሥሩ ሴት ልጅ በማየቱ ተገረመ፤ ደግሞ የማን ልጅ መሆኔን ሲያውቅ ይበልጥ ተገረመ። «የልብስ ሰፊው ልጅ! የዚህች ጀግና አባት የት ነው? ብድግ በል፣ ይጨብጨብልህ!» አለ። አባቴ ብድግ አለ፤ ተጨበጨበለት። ይህ ትርኢት በየከተማው መታየት አለበት፣ ልዑካኑን እኔ ራሴ እመራለሁ አለና እንዳለው አደረገ።

ሞጆ ሄድን፣ መተሐራ ሄድን፣ ዝዋይ ወረድን። እሱ ከሾፌሩ ጎን፣ እኛ ከኋላ ከጭምብሎቻችን ጋር። በየደረስንበት አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥና በራሱ ይስቃል። የገዛ ቀብሩን በጭብጨባ የሚያጅብ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ጭምብሌ ውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ ሰደብኩት! ሞጆ ላይ ሾፌሮችና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች አግዳሚ እየደበደቡ ሳቁ። ዝዋይ ላይ አንድ ሽማግሌ የባለጉዳዩ እጅ በወደቀ ቁጥር «ያ ዋቀዮ!» ብለው አምላካቸውን እየጠሩ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። በየከተማው አንድ ሁለት ጎተታ እየጨመርኩ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የበቀል ደስታ ውሸት ነው የሚሉት ቀምሰውት የማያውቁ ናቸው።

ከዝዋይ በተመለስን ማግስት አባቴ በረንዳ ላይ እየሠራ ነበር። አጠገቡ ያለው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሊቀ መንበሩ እንዴት በራሱ እንደሳቀ፣ የሞጆ ሰዎች እንዴት እንደሆኑ፣ በአራት ከተማ ሕዝብ ፊት እንዴት መሳቂያ እንዳደረግሁት። «ለአንተ ነው አባዬ፤ ደምህን ነው የመለስኩት» አልኩት። አባቴ ስፌቱን እስከ ጠርዙ ጨረሰ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እሱ ሦስት ጊዜ ነው የጎተተኝ» አለ። «አንቺ ዘጠኝ። ዘጠኝ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።»

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ዞሮ ያየው ማንን እንደሆነ፣ ሽማግሌው እንባቸውን እስኪጠርጉ የሳቁት በማን እንደሆነ፣ ከከተማ ከተማ ይዤ የዞርኩት የማንን ትከሻ እንደሆነ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለኝ። ሌላ ጨርቅ አነሳና መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

ቀጣዩ ወንጂ ነበር። እምቢ ማለት አይቻልም፤ መኪናው ቤት ድረስ ይመጣል። መንገዱን በሙሉ ጥርሴን ነክሼ ሳስብ ሄድኩ፤ አሁን የምበቀልለት እዳ ሁለት ሆኗል፤ ያደረገውም ያስደረገኝም። ከመድረኩ ጀርባ ጓደኛዬን ያዝኩትና «ዛሬ እጅህን አልጎትትም። የማደርገውን አታቋርጠኝ» አልኩት። በዓይኑ ለመነኝ፤ እኔ ግን ጭምብሌን አጥልቄ ወጣሁ።

አዳራሹ ከአገዳ ሥራ በተመለሱ ሰዎችና በቤተሰቦቻቸው ጢም ብሎ ነበር። ሊቀ መንበሩ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀድሞ እየሳቀ ነው። ባለጉዳዩ ገባ፤ የሚጎተትበት ቦታ ላይ ደረስን። አልነካሁትም። በእሱ ፋንታ የራሴን ግራ እጅ ጨብጬ እንደ መፈክር ወደ ላይ አነሳሁ። አልወርድ አለኝ። ወረቀት ልፈርም ብል እጄ እላይ ነው፤ መሀረቤን ላወጣ ብል እላይ ነው፤ ወንበሬን ልዳብስ ብል እላይ ነው። በክርኔ ሱሪዬን ላነሳ ሞከርኩ፤ አንዱ ክርን ደረሰ፣ አንዱ ሰማይ ላይ ቀረ።

ማንም አልሳቀም። ከሕፃናቱ አንዱ ጀመረና እናቱ አፉን ያዘችው። ጭንቅላቴን ወደ ፊተኛው ወንበር አዞርኩ። ሊቀ መንበሩ ሳቁን አቁሟል። መሀረቡን በአራት አጥፎ አውጥቷል፤ ማጅራቱ ጋ አድርሶታል፤ እዚያው እንዳለ ከኪሴ ጫፉ የወጣውን የእኔን መሀረብ እያየ ቀርቷል። ከዚያ ቀስ ብሎ ያየኝ ጀመር፤ እግሬን፣ ሆዴን፣ ክርኔን። አወቀው። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ያ ነበር፤ በዚያች አዝራር በምታህል ቀዳዳ ውስጥ ራሱን ሲያይ አየሁት። እጄን እዚያው ይዤ መቆየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ዝምታው ግን ረዘመ። ጓደኛዬ ጭምብሉ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ተያዩ። ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰሩ የሰፈራችን ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ከእነሱም ይበልጥ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የሳቁ መጥፋት አስፈራኝ። ለምጄው ነበር።

እጄን አወረድኩና የጓደኛዬን ግራ እጅጌ ይዤ ጎተትኩት። እጁ ጆሮው ጋ ደረሰና ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሳቀው ሊቀ መንበሩ ነበር።